አምስት ብቻ ነው ያዩት?

ለዘነበች፣ ለቤቴ ሰው፣

ከተለያየን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነን። ይህን ደብዳቤ ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። በየጊዜው ከጉዳዩ እየወጣሁ ተቸገርኩ፤ አንቺ ደግሞ ነገር ሲንዛዛ አትወጂም። ጉዳዩ አንድ ነው። በሕይወት ሳለሽ አንድ ጥያቄ ጠየቅሽኝ፣ የተሳሳተ መልስ ሰጠሁሽ። ያ ስህተት በልጃችን በመስከረም ላይ እንዳይደገም ያደረግሁትን ልነግርሽና መልሴን ላርም ነው የምጽፈው።

ግን የቤቱን ወሬ ሳላስቀድም ብጀምር እንደማትሰሚኝ አውቃለሁ።

የግቢው በር ተቀይሯል፤ የድሮው ቆርቆሮ ዝጎ ከሥሩ ተበልቶ ነበር። ከበሩ ፊት ለፊት የባጃጅ መቆሚያ ሆኗል። መጀመሪያ በጩኸቱ ተናድጄ ነበር፤ አሁን ጩኸቱ ሲቀር ምን ሆኑ ብዬ ወጥቼ አያለሁ። ሰበታ ውስጥ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው፤ በርሜሎቹን አንቺ በደረደርሽበት ተራ እሞላለሁ። የተከልሽው አቮካዶ ዘንድሮ አፈራ፤ አሥራ አንድ ፍሬ። ሽሮ መሥራት ችያለሁ። አንቺ በዓይንሽ የምትለኪውን እኔ በስኒ እለካለሁ። መስከረም «አባዬ፣ ጨው ላይ እንኳ ስኒውን ተወው» ትለኛለች። የስፌት መኪናሽን ወደ ቡራዩ ወስዳዋለች። ትሰፋበታለች ብዬ አልዋሽሽም፤ ቴሌቪዥኗን አስቀምጣበታለች።

ጤፍ አሁንም ከተፍኪ ነው የምገዛው። እዚያ ገበያ ላይ የምታደርጊው ነገር ዓይኔ ላይ አለ። እጅጌሽን ሰብስበሽ ክንድሽን እስከ ክርንሽ ጆንያው ውስጥ ትከቺና ከሥር እፍኝ ታወጫለሽ። ከዚያ ከጎን፣ ከዚያ ከሌላው ጎን። እኔ ጃንጥላ ይዤ ፈንጠር ብዬ እቆማለሁ፤ ሰው የማታምኚ ስለምትመስዪ አፍር ነበር። አንድ ጊዜ ነጋዴው «አዴ ዘነበች፣ ጆንያው ውስጥ ሊገቡበት ነው እንዴ?» አለሽ። ቀና ሳትዪ «ከላይ ያለውንማ ለዓይኔ ያስቀመጥክልኝ ነው፤ ሆዴ የሚገባው ከሥር ያለው ነው» አልሽው። በዙሪያው የነበረው ሁሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ።

እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምሬአለሁ። ስለ ናሙና ሳስተምር ባቄላና አተር የተቀላቀለበት ማሰሮ ይዤ ክፍል እገባ ነበር። ጥቂት ፍሬ አውጥታችሁ ስለ ማሰሮው ሁሉ አትመስክሩ እላቸዋለሁ። ተማሪዎቼ ድምፄን እያስመሰሉ የሚያሾፉብኝ ሌላ አባባልም ነበረኝ፤ «እስከ መጨረሻው መስመር አንብቡ!» የሚል። ሁለቱንም ሕጎቼን በአንድ ከሰዓት በኋላ ጣስኳቸው።

ደግሞም እኛ ቤት የፈተና ወረቀት እኔ አርም፣ ድምሩን አንቺ ትፈትሺ ነበር። ይህን ያስለመድሽኝ በተጋባን በሁለተኛው ዓመት ነው። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ሦስት ጊዜ ስህተት አግኝተሽብኛል፤ ሦስቱንም አስታውሳለሁ። ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አድርገሽ «እስቲ ድገመው» ትዪኛለሽ፤ እደግመዋለሁ። ለሰው ልጆች ነጥብ ይህን ያህል እንጠነቀቅ ነበር።

የአንጀት ካንሰሩን ለማውጣት ቀዶ ጥገና በተደረገልሽ ማግስት፣ ከትልቁ አንጀትሽ የተቆረጠው ክፍል ዙሪያውን ከያዘው ስብ ጋር እንዳይበላሽ ፎርማሊን ውስጥ ተነክሮ ክዳን ባለው ዕቃ ተሰጠኝ። ወደሚመረመርበት ላቦራቶሪ የሚያደርሰው አስታማሚ ነው። ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌ ያዝኩት። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት «ማር ነው አባባ?» አለችኝ። «ናሙና ነው» አልኳት። ወንበር ቀየረች። ይህን ስነግርሽ ስፌቱ እስኪያምሽ ድረስ ሳቅሽ።

ውጤቱ ከመድረሱ በፊት ታላቅ እኅትሽ እትዬ ሙሉ ከሱሉልታ ደውለው «ክፉ ከሆነ ለእኔ ንገረኝ፤ ለእሷ እንዳትነግራት» ብለውኝ ነበር። እንደ ሌላው ቤተሰብ ሁሉ እኔም እሺ አልኩ። ስለዚህ ወረቀቱን የተቀበልኩ ቀን ሳነበው አንድ ነገር ብቻ ነበር የምፈልገው፤ የምደብቅሽ ነገር አለ ወይስ የለም። በእንግሊዝኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ነው። ላቦራቶሪው ደጃፍ ላይ ቆሜ እስከ መሐሉ ወረድኩ። አምስት የሊምፍ እጢዎች ተገኝተው ተመርምረዋል፣ በአንዳቸውም ካንሰር አልታየም ይላል። እግር ሲቆስል ብሽሽት ላይ የሚያብጠው፣ ንፍፊት የምንለው ነው፤ አንጀት ዙሪያ ባለው ስብ ውስጥም አለ። ካንሰር ሲጓዝ መጀመሪያ ከሚያርፍባቸው ቦታዎች አንዱ እሱ ነው። የምደብቅሽ ነገር አልነበረም። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ቤት ስደርስ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቅሽ ነበር። «ነጻ ነሽ» አልኩሽ። አላለቀስሽም፣ አልሳቅሽም።

«ስንት አይተው ነው?» አልሽኝ።

«አምስት።»

«አምስት ብቻ ነው ያዩት? ከዚያ ሁሉ ስብ?»

መልሴን ቃል በቃል እጽፈዋለሁ። «ዘነበች፣ ከአምስት ዜሮ ማለት ዜሮ ነው። ከመቶ ዜሮም ዜሮ ነው። ይህ ሒሳብ ነው።» ክፍል ውስጥ የማይረባ ጥያቄ ለሚያነሣ ተማሪ የማወጣው ድምፅ ነበር። ትንሽ አየሽኝና «አንተ ካልክ እሺ» አልሽ። ስለ ፈተና ድምር አንድም ቀን እንደዚያ ብለሽኝ አታውቂም።

እትዬ ሙሉ ስለት ነበረባቸውና ምስጋናው ሱሉልታ ተደገሰ። ድግሱ የዋለው የካንሰር ሐኪሙ በቀጠረሽ ቀን ነው። ቀጠሮውን ያዛወርኩት እኔ ነኝ፤ ነጻ የሆነ ሰው ምን ያስቸኩለዋል ብዬ። በድግሱ ላይ ዘመዶችሽ እኔንም እንኳን ደስ ያለህ አሉኝ፤ ወረቀቱን ያነበብኩት እኔ ስለሆንኩ የጻፍኩትም እኔ መሰልኳቸው። አንቺ ጋቢ ለብሰሽ ግድግዳውን ተደግፈሽ ተቀምጠሽ ነበር። ስንመለስ፣ መኪናው ቁልቁል ወደ ከተማ ሲወርድ፣ «ቀጠሮውን ለመቼ አደረግከው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። «ይደርሳል» አልኩሽ። ይህም መልስ አልነበረም።

ከዚያ ክረምት ገባ። ከዚያ መንገዱ ተቆፈረ። ከዚያ ጉልበትሽን አመመሽ። ስንሄድ አራት ወር አልፎ ነበር። ሐኪሙ ወረቀቱን እስከ ታች አነበበና «ለምን ዘገያችሁ?» አለ። «ነጻ ናት ተብለን» አልኩ። ማንም እንደዚያ አላለንም፤ ያልኩት እኔ ነኝ። አጠገቤ ተቀምጠሽ ነበር፤ አላጋለጥሽኝም። እንዳይመለስ ተብሎ የሚሰጠው መድኃኒት ከቀዶ ጥገናው በኋላ ቶሎ ሲጀመር እንደሚጠቅም፣ አሁን ግን መከታተል ብቻ እንደሚሻል ነገረን። በዓመቱ ጉበትሽ ላይ ታየ። የቀረውን ታውቂዋለሽ፤ አብረን ነበርን።

ከተዝካርሽ በኋላ የሕክምና ወረቀቶችሽን በቀናቸው ተራ ሳስቀምጥ ያንን ገጽ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው መስመር አነበብኩት። ካቆምኩበት በታች ሦስት መስመር ነበር። ሁለቱ አልገቡኝም። ሦስተኛው ገባኝ። የተገኙት እጢዎች ቁጥር ከሚፈለገው በታች ነው ይላል። ያንቺ ጥያቄ ነው፤ በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ተፈርሞበት።

ወረቀቱን ይዤ ላቦራቶሪው ሄድኩ። የፈረመችበት ሐኪም የመስከረም እኩያ ናት። ወረቀቱንና እኔን አየችና «አባባ፣ ሊወቅሱኝ ነው የመጡት?» አለች። «አይደለም፤ ልማር ነው» አልኳት። «እንግዲያው ይቀመጡ» አለች። የነገረችኝን አንቺ በሚገባሽ መንገድ ልጻፍልሽ።

ካንሰር ተቆርጦ የወጣለት ሰው ወደፊት ምን እንደሚገጥመው ለመገመት ብዙ ነገር ያያሉ። መጀመሪያ ካንሰሩ የአንጀቱን ግድግዳ ምን ያህል ዘልቆ እንደገባ ነው፤ ያንቺ ጡንቻውን አልፎ ስቡ ጋ ደርሷል። ቀጥለው ስቡን በጣታቸው እየዳበሱ ንፍፊቶቹን ይለቅማሉ። ምስር የሚያህሉ ናቸው፤ ከዚያ የሚያንሱም አሉ። ቢያንስ አሥራ ሁለት እንዲገኝ ይፈለጋል። ከዚያ ካነሰ «የለም» የሚለው ቃል አቅም ያጣል፤ ያለበት ሳይታይ ቀርቶ ሊሆን ይችላልና። ለምን አምስት ብቻ ተገኘ ብዬ ጠየቅኳት። አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ጥቂት ነው ያለው፣ አንዳንዴ የተቆረጠው ስብ ያንሳል፣ አንዳንዴም ለቃሚው ይስታል አለች። «የባለቤትዎ የትኛው እንደሆነ አሁን ላውቅ አልችልም።» ይህን በማለቷ አከበርኳት።

ከዚያ ያልገቡኝን ሁለት መስመሮች ልታስረዳኝ ካንሰርሽ በስሱ ተቆርጦ የተለጠፈበትን መስታወት ከመደርደሪያ አውጥታ ማይክሮስኮፑ ላይ አደረገችው። ሮዝና ሐምራዊ ነው። አንዲት ቀጭን የደም ሥር ውስጥ ጥቂት የካንሰር ሴሎች ተጠጋግተው ቆመዋል፤ መንገድ ላይ ሳሉ የተያዙ ናቸው። በካንሰሩ ጠርዝ ላይ ደግሞ ከዋናው ተገንጥለው ሁለት ሦስት እየሆኑ ወደ ጤናማው ሥጋ የገቡ አሉ። ጠርዙ ወጥ ሆኖ እየገፋ የሚሄድ ካንሰርና እንዲህ እየተበጣጠሰ የሚገባ ካንሰር እኩል አይደሉም፤ የሁለተኛው የመመለስ ዕድል ይበልጣል። የእጢዎቹ ማነስ፣ ደም ሥር ውስጥ ያሉት ሴሎች፣ የተበጣጠሰው ጠርዝ፤ ሦስቱ አንድ ላይ ሲነበቡ «ሳትዘገዪ ሐኪም ጋ ሂጂ» ነው የሚሉት።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። «ውጤቱን በወሰድኩ ማግስት ተመልሼ ‹አምስት ብቻ ነው ያያችሁት?› ብያችሁ ቢሆን ኖሮ ምን ታደርጉ ነበር?» አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «የተረፈው ስብ ለጥቂት ሳምንታት ሳይጣል ይቆያል። መልሰን እንፈልግ ነበር» አለች።

ዘነበች፣ ጥያቄሽ የሚሠራ ጥያቄ ነበር። ስቡ እዚያው ነበር፤ ጭኔ ላይ ይዤ ባመጣሁት ዕቃ ውስጥ።

ቢፈለግ ምን ይገኝ እንደነበር አላውቅም። መድኃኒቱ በጊዜው ቢጀመር ዛሬ ትኖሪ ነበር አልልም፤ አትኖሪም ነበርም አልልም። ማስረጃ የሌለኝን አልጽፍም። የማውቀው ጥያቄው ትክክል፣ መልሱ ስህተት እንደነበረ ነው።

ልነሣ ስል ሐኪሟ «ልጆች አሏችሁ?» ብላ ጠየቀችኝ። አንዲት ሴት ልጅ አለችን፣ አርባ ሞልቷታል አልኳት። እንዲህ ያለ ካንሰር አንዳንዴ በዘር እንደሚወረስ ነገረችኝ። ስቡ ቢጣልም ከካንሰሩ የተቆረጠ ቁራጭ በሰም ተይዞ ለዓመታት ይቀመጣል። ያ ሲመረመር አራት ፕሮቲኖች መኖር አለመኖራቸው ይታያል፤ አንዱ ከጎደለ በዘር የመጣ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። ሰሙ ወጣልኝ፤ የአውራ ጣቴን ጥፍር ቢያህል ነው። ምርመራውን ወደሚሠራው ሌላ ቦታ ራሴ አደረስኩት። በዚህኛው ጉዞ ማር ነው ወይ ያለኝ የለም፤ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር።

ከሳምንታት በኋላ ውጤቱ መጣ። አራቱም አሉ። ለመስከረም ደወልኩላት። «እሰይ! በቃ ነጻ ነኝ ማለት ነዋ አባዬ?» አለች። ያ ቃል ከእሷ አፍ ሲወጣ ወረቀቱን ከላይ ጀምሬ እንደገና ማንበብ ያዝኩ። እትዬ ሙሉም ወዲያው ሰምተው ደወሉ፤ «ተመስገን በል። ከእንግዲህ ልጅቷን አታስጨንቃት» አሉኝ።

ወደ ሐኪሟ ተመለስኩ። «ይህ ወረቀት የማይነግረኝ ምንድን ነው?» አልኳት። ሳቀች፤ ጥሩ ውጤት ይዞ እንዲህ የሚጠይቅ ሰው አይመጣም አለች። ከማን እንደተማርኩት አልነገርኳትም። ወረቀቱ አንዱን የውርስ ዓይነት ያርቃል እንጂ ሁሉንም አያርቅም። እናቷን ይህ በሽታ የያዘባት ልጅ አርባ ዓመት ሲሞላት፣ ወረቀቱ ጥሩም ቢሆን፣ አንጀቷ በካሜራ መታየት አለበት።

ቅዳሜ ቡራዩ ሄድኩ። መስከረም መመርመሩን አልፈለገችም። ሥራ ይበዛብኛል፣ መመላለሱ ያደክመኛል አለች፤ እንዳፈረች ግን ያስታውቅ ነበር። «ደግሞ ወረቀቱ ጥሩ ነው ያልከው አንተው ነህ። ካንተ በላይ ማን ያነባል?» ስትለኝ ማምለጫ አልነበረኝም። ስፌት መኪናሽ ላይ ያለውን ቴሌቪዥን እንድታጠፋው ጠየቅኋትና ሁሉንም ነገርኳት፤ አምስቱን፣ ጥያቄሽን፣ መልሴን፣ ያዛወርኩትን ቀጠሮ። ከዚያ በፊት ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

«እማዬ ጠይቃህ ነበር?» አለች።

«ጠይቃኝ ነበር።»

«አንተ ደግሞ ሒሳብ ነው አልካት።»

«አዎ።»

ተነሥታ ቦርሳዬን አቀበለችኝ። ሦስት ሳምንት ስልኬን አላነሣችም። በየቀኑ ከምሳ በኋላ እደውል ነበር፤ ጠርቶ ጠርቶ ይቆማል። አልፈረድኩባትም። የፈራሁት ከእኔ ጋር ተጣልታ ምርመራውንም እንዳትተወው ነበር፤ እንዲያ ከሆነ እውነቱን መናገሬም እንደ ዝምታዬ ሊጎዳት ነው። በአራተኛው ሳምንት መልእክት ላከች። «ቀጠሮ ይዣለሁ። ብቻዬን አልሄድም።»

ምርመራው ላይ ሽምብራ የምታህል እባጭ ተገኘች፤ እዚያው በካሜራው ተነሥታ ወደ ላቦራቶሪ ተላከች። እባጯ የገባችበትን ብልቃጥ ያደረስኩት እኔ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ውጤቱን ራሷ ተቀብላ ሳትከፍተው ሰበታ መጣች። በረንዳው ላይ ያንቺ ወንበር ላይ ተቀመጠች። መነጽሬን ሳወጣ «እኔ ነኝ የማነበው» አለች። አንድ መስመር በእንግሊዝኛ ታነባለች፣ ወደ አማርኛ ትመልሰዋለች፣ ወደሚቀጥለው ትወርዳለች። ካንሰር አይደለም ይላል። ቢቆይ ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችል ዓይነት እባጭ ነው ይላል። እዚህ ላይ አፌ ሊከፈት ነበር፤ ምን ሊል እንደነበረ ታውቂዋለሽ። ዘጋሁት። እሷ መውረዷን ቀጠለች። የመጨረሻው መስመር፣ እባጩ ተቆራርጦ ስለደረሰ ጠርዙን ለይቶ ማየት አልተቻለም የሚል ነበር። ጣቷን እዚያ መስመር ላይ አሳርፋ ቀና አለች።

«አባዬ፣ ጠርዙን ካላዩት ከሥሩ መውጣቱን በምን አወቁ?»

«አላውቅም» አልኳት። «እንሂድና እንጠይቅ።»

በዚያው በረንዳ ላይ ያን ቀን ይገባሽ የነበረው መልስ ይህ ነው። ዘግይቶም ቢሆን በወረቀት ላይ አስፍሬዋለሁ።

ሄደን ጠየቅን። ያ ቦታ ከጥቂት ወራት በኋላ ተመልሶ በካሜራ እንዲታይ ቀጠሯት። የቀጠሮ ካርዱ ግድግዳው ላይ፣ ፎቶሽ አጠገብ ተሰክቷል። እትዬ ሙሉ በዚያ ቀን ምንም ዓይነት ድግስ እንዳይደግሱ ከአሁኑ ተነግሯቸዋል። «ለካ እንዲህ ክፉ ሆነሃል» አሉኝ፤ ግን ቀኑን ጻፉት።

ትናንት ተፍኪ ገበያ ነበርኩ። ጃንጥላዬን መሬት ላይ አስቀምጬ እጅጌዬን ሰበሰብኩና ክንዴን እስከ ክርኔ ጆንያው ውስጥ ከተትኩ። ነጋዴው ያው የድሮው ነው፤ ሸብቷል። «ኦቦ መምህር፣ እርስዎም ጀመሩ?» አለኝ። «ጀመርኩ» አልኩት። ከሥር እፍኝ አወጣሁ፣ ከዚያ ከጎን፣ ከዚያ ከሌላው ጎን። እጄ መጨበጥ እስከቻለ ድረስ እንዲሁ አደርጋለሁ፤ አንቺን የማስታውሰውም እንደዚህ ነው።

ባለቤትሽ